በስደት ጊዜ ስለሚመጣ ፍርሃት

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ክርስቶስ ስም መከራ ሲነሣ መፍራት ኃጢአት ነው ብሎ የነገረህ ሰው ቢኖር አትስማው። ፍርሃት እግዚአብሔር በፍጥረታችን ውስጥ ያኖረው ዘበኛ ነው፤ ሕፃን ከእሳት፥ መንገደኛም ከገደል የሚርቀው በርሱ ነው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ እጅግ እንደ ተጨነቀና ጽዋው እንዲያልፍለት እንደ ለመነ ወንጌላውያን አልሸሸጉም። እንግዲህ የልብ መንቀጥቀጥ ከእምነት መውጣት አይደለም። የሚያስፈራው ነገር ዘበኛው ሥራውን ትቶ የቤቱ ጌታ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ሰው የሚናገረውን፥ የሚሄድበትን፥ ሰላምታ የሚሰጠውንም ሰው እንኳ ፍርሃት ይመርጥለታል።

ብዙ ሰው ስደት ሲባል ሰይፍና ወህኒ ቤት ብቻ ይታየዋል። በከተማ ለሚኖር ለተማረ ሰው ግን ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ በሌላ በር ይገባል። አባት «ልጄ አይደለህም» ይላል፤ ጎረቤት ቡና ሲያፈላ መጥራቱን ይተዋል፤ አለቃ ሹመቱን ለሌላ ይሰጣል፤ በተማሪ ቤትም ጓደኛ የነበረው የቅጽል ስም ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በአገራችን ሰውን የሚያስጨንቀው «ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» የሚለው ቃል ነው። ወንጌልን የተቀበሉ ሰዎች የመቃብር ስፍራ ተከልክለው ሬሳ ይዘው የተንከራተቱበት ጊዜ ነበረና፥ ይህን የሰማ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ለእኛ አገር ሰው ያለ ለቀስተኛ መቀበር ከሞት የከፋ ነው።

ይህን የመሰለውን ፍርሃት የአርማትያስ ሰው ዮሴፍ በሚገባ ያውቀው ነበረ። ባለጠጋና የሸንጎ አማካሪ ሆኖ ሳለ ባልንጀሮቹን ስለ ፈራ ደቀ መዝሙርነቱን ሸሽጎ ይኖር ነበረ። የተገለጠውስ መቼ ነው? ሕዝቡ እንጀራ በልቶ በጠገበበት ቀን አይደለም፤ ሆሳዕና በተባለበትም ቀን አይደለም። ጌታ ከሞተ በኋላ፥ ሐዋርያት ከተበተኑ በኋላ፥ ከዚህ ወገን መሆን ምንም ትርፍ የሌለው በሆነበት ሰዓት ወደ ጲላጦስ ገብቶ ሥጋውን ለመነ። ማርቆስ ደፍሮ እንደ ገባ ይናገራል፤ መድፈርም የሚያስፈልገው የሚፈራ ነገር ላለበት ሰው ነው። ከዚያም ለራሱ ያስወቀረውን አዲስ መቃብር ሰጠ። አስቀድሞ በሌሊት ወደ ጌታ መጥቶ የነበረው ኒቆዲሞስም 100 ነጥር የሚያህል የከርቤና የሬት ቅልቅል ተሸክሞ መጣ።

ወዳጄ ሆይ፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች ምን ለወጣቸው? ኃይላቸውን መዝነው በቂ ሆኖ ስላገኙት አይመስለኝም። የሚወዱት ጌታ ሥጋ በእንጨት ላይ ተሰቅሎ፥ የሚያወርደውም ሰው ጠፍቶ አዩ፤ ትተውትም ማለፍ አልቻሉም። ሐዋርያው ዮሐንስ ፍርሃትን ወደ ውጭ የሚጥለው ፍቅር እንደ ሆነ ያስተማረውም ይህን ነው። ፍርሃቱ እስኪለቀው ድረስ የሚቆይ ሰው ምናልባት ዕድሜውን ሁሉ ተቀምጦ ይቀራል፤ ዮሴፍ ግን ገና ሲፈራ ሳለ እግሩን አነሣ።

ዳሩ ግን ድፍረት ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ155 ዓመት ገደማ በሰምርኔስ ከተማ በክርስቲያኖች ላይ ስደት በተነሣ ጊዜ፥ ቊንጦስ የሚባል የፍርግያ ሰው ሳይጠሩት ራሱን አቀረበ፤ ሌሎችንም እንዲሁ እንዲያደርጉ ገፋፋ። አራዊቱን ባየ ጊዜ ግን ልቡ ከዳውና ለጣዖት ሠዋ። ሽማግሌው ጳጳስ ፖሊካርፖስ ወዳጆቹ ሲለምኑት ከከተማው ወጥቶ በገጠር ቤት ተቀምጦ ይጸልይ ነበረ። በመጨረሻ ሲደርሱበት መሸሽን እንቢ አለ፤ ሊይዙት ለመጡትም ወታደሮች መብልና መጠጥ እንዲቀርብላቸው አዘዘ፤ እርሱም የጸሎት ጊዜ ለምኖ ጸለየ። 86 ዓመት ያገለገለውን ንጉሥ ሊሰድብ እንደማይችል ለገዢው መስክሮ ሞተ። ስለ ሰማዕታት ሲሰብኩ ጅራፉንና እሳቱን ቆጥረው ለወታደሮቹ የቀረበውን ማዕድ የሚረሱ ሰባኪዎች አሉ፤ እኔ ግን የሽማግሌው እምነት ከሁሉ አብልጦ የታየው በዚያ ማዕድ ላይ ይመስለኛል።

ስለዚህ ስደትን ፈልገህ አትሂድ። ጳውሎስም በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ በኩል ወርዶ አምልጧል። በሌላ በኩል ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር መውጣት ሲቻላቸው ከመንጋቸው ጋራ መቅረትን መረጡ፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። መሄድም መቅረትም ለእግዚአብሔር ሊሆን ይችላል። ጌታን መካድ ግን ከሁለቱ አንዱ አይደለም።

በአገራችን ወደ ሆነው ሌላ ነገር ልመልስህ። ሚስዮናውያን በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ሲለቁ፥ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ያህል ብቻ ነበሩ። በቋንቋቸውም ከማርቆስ ወንጌልና ከጥቂት ክፍሎች በቀር መጽሐፍ አልነበራቸውም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ዋንዳሮ የሚባለውን ጨምሮ ብዙዎች ተገረፉ፤ የጸሎት ቤቶችም ፈረሱ። በወህኒ ቤት ያለ ሰው ስንቁን የሚያመጣለት ዘመዱ ነው፤ ምእመናን ግን ዘመዳቸው ላልሆነው እስረኛ ስንቅ ይዘው ይሄዱ ጀመር። ያየም ሁሉ ተደነቀ፤ ብዙ ሰውም ስለዚህ አምላክ መጠየቅ ጀመረ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተሸነፈ በኋላ ሚስዮናውያን ሲመለሱ ያገኙት የምእመናን ቊጥር ወደ 10,000 የሚጠጋ ነበረ። ስንቅ ተሸክሞ ወደ ወህኒ ቤት በር መቅረብ «እኔም ከነርሱ ነኝ» ብሎ መናገር ነው፤ ስለዚህ ያመላለሱት ሰዎች ሁሉ ሳይፈሩ ሄዱ ብዬ አልነግርህም። ወንድማቸው ተርቦ ነበረና ሄዱ።

አንተም በጓዳህ ስትጸልይ «ፍርሃቴን አርቅልኝ» ብለህ ብቻ አታቁም። የምትፈራውን በስሙ ጠርተህ ለእግዚአብሔር ንገረው፤ የአባትህን ቁጣ እንደ ሆነ ቁጣውን፥ እንጀራህን እንደ ሆነ እንጀራህን ንገረው። የነገን መከራ ዛሬ አስቀድመህ በሐሳብህ አትቀበል፤ ጸጋ የሚሰጠው ለዕለቱ ነውና። ብቻህንም አትቀመጥ፤ ጴጥሮስ በገረዲቱ ፊት ጌታውን የካደው ከወንድሞቹ ተለይቶ በእንግዶች እሳት ሲሞቅ ሳለ ነበረ፤ በሸንጎው ፊት በደፈረ ጊዜ ግን ዮሐንስ በአጠገቡ ቆሞ ነበረ።

ምናልባት በሰፈርህ ስለ ክርስቶስ ስም ከአባቱ ቤት የወጣ አንድ ተማሪ ይኖራል። አሳቻ ቤት ተከራይቶ፥ ማንም ሳይጠይቀው ሰንብቶ ይሆናል። ዛሬ ማታ እንጀራ ጠቅልለህ ወደርሱ ሂድ። ሰው እንዳያይህ ብትሰጋም ከጨለማ በኋላ ሂድ፤ ኒቆዲሞስም አስቀድሞ የመጣው በሌሊት ነበረ።