የምትቀበልሽ ሴት የማን ሰው ናት?

ልጄ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አዲስ ቤት ልትገዢ ማሰብሽን ሰማሁ፤ እሰየው። ሞዴል ቤቱ ግን ልብ ለመስረቅ የተሠራ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

በር ላይ በፈገግታ የምትቀበልሽ ሴት የቢልደሩ፣ ማለትም ቤቱን ሠርቶ የሚሸጠው ኩባንያ፣ ሰው ናት፤ የሚከፍላት እሱ ነው። ክፉ ናት አላልኩም። አገር ቤት ደላላው ሻጭና ገዢን አስማምቶ ከሁለቱም ስለሚቀበል፣ እኛ በመሐል የቆመ ሰው ሁሉ አስታራቂ ይመስለናል። እሷ አስታራቂ አይደለችም።

«ቤዝመንቱን ጨርሰን እናስረክብሻለን፤ ብድሩ ካልተፈቀደ ዲፖዚትሽ ይመለሳል» ካለችሽ፣ «እሺ እመቤት፣ ውሉ ላይ ይጻፍልኝ» በያት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። የቢልደር ውል ውስጥ ብዙ ጊዜ «ከዚህ ጽሑፍ ውጭ የተባለ አይጸናም፤ የሽያጭ ሠራተኛ ኩባንያውን የሚያስገድድ ቃል መግባት አይችልም» የሚል አንቀጽ ይኖራል። ከሥሩ የሚያርፈው ያንቺ ፊርማ ነው።

ብዙዎቻችን «ዳኛ ፊት ቆሜ እውነቱን እናገራለሁ» እያልን እንጽናናለን። እዚህ አገር ክሱ ምስክር ሳይሰማ ሊያልቅ ይችላል፤ ሰመሪ ጃጅመንት ይሉታል። ውጤቱን በሚለውጥ ፍሬ ነገር ላይ እውነተኛ ክርክር ከሌለ፣ ዳኛው ወረቀቱን አይቶ ይፈርዳል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡ ቁጥር 56 ነው፤ ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸው አላቸው። በ1986 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴሎቴክስ በተባለ ኩባንያ ጉዳይ፣ የማስረዳት ሸክም ያለበት ወገን ማስረጃውን በዚያው ደረጃ ካላሳየ ሊሸነፍ እንደሚችል ወስኗል። እንግዲህ ሴትዮዋ ያለችሽን በመሐላ ብታጸኚው እንኳ፣ ዳኛው «ብላም ቢሆን ሥልጣን እንደሌላት ፈርመሻል» ሊልሽ ይችላል።

«ወኪላቸው ናት፣ ቃሏ ይይዛቸዋል» ትይ ይሆናል። በግልጽ ያልተሰጣት ሥልጣን እንዳላት ለማሳየት ግን እሷ ስለ ራሷ ያለችው አይበቃም፤ ኩባንያው ራሱ ምን አሳየሽ ነው ጥያቄው። ሥራ አስኪያጁ የላከልሽ ኢሜይል ወይም የፈረመው ተጨማሪ ገጽ ካለሽ፣ ያን ጊዜ የምትከራከሪበት አገኘሽ። ማታለል የሚባለው ክስ ሌላ መንገድ ነው፤ እሱን ለጠበቃ ተዪው። ውሉ በግልግል ዳኝነት ካሰረሽ ደግሞ ጁሪ የሚባለውን ጭራሽ ላታዪው ትችያለሽ።

የራስሽን ኤጀንት ያዢ። ከኦገስት 2024 ወዲህ አብዛኞቹ ኤጀንቶች ቤት ከማሳየታቸው በፊት ክፍያቸውን የሚገልጽ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈርማሉ፤ የአክስትሽ ልጅ ቢሆንም ፈርሚለት፣ ይሉኝታ ይቅር። አንዳንድ ቢልደር ኤጀንትሽ በመጀመሪያው ጉብኝት ካልተመዘገበ የኤጀንቱን ኮሚሽን አይከፍልም፤ ስለዚህ ብቻሽን «እስቲ ልየው» ብለሽ እንዳትገቢ።

«ዋጋው ዛሬ ማታ ያበቃል» ሲሉሽ አትደንግጪ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውሉን ይዘሽ ውጪ፤ ከመፈረምሽ በፊት የቤት ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ያንብበው። የጠበቃውን ዋጋ እኔ እችላለሁ።