ደንብ ሲለወጥ እውነት ይለወጣልን?

በ2017 ዓ.ም. ክረምት መገናኛ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኔ መጡ። ልጁ አንድ የትምህርት ዓመት በአሜሪካ እንዲማር ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ቀጠሮ ሊይዝ ሲል ግን የቀጠሮው በር ተዘጋ፤ በሩ እስኪከፈት የባንክ ማስረጃው ጊዜ አለፈበት፤ ከተቀማጩም ገንዘብ ከፊሉ ለዝግጅቱ ወጣ። እናቲቱም «አባ፣ አንድ ዘመድ ለማሳያ ያህል ገንዘብ በስማችን አስገብቶ ማስረጃው ሲወጣ ሊወስደው ፈቅዷል። እነርሱ ደንቡን በየጊዜው ሲለዋውጡ እኛ ብቻ ነን እውነት መናገር ያለብን?» አሉኝ።

ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተማሪዎች አዲስ የቪዛ ቀጠሮ መስጠትን አቆመ፤ ሰኔ 11 ቀን መልሶ ሲፈቅድ አመልካቾች የማኅበራዊ መገናኛ ገጾቻቸውን ለሁሉ ክፍት እንዲያደርጉ አዘዘ። ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው ጊዜያዊ ቪዛ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆነ። በዚህ ቪዛ የገባ ተማሪ እስከ ትምህርቱ ፍጻሜ መቆየት ይችላል፤ ዳሩ ግን ለገና ወይም ለአያቱ ቀብር ወደ ቤቱ ቢመጣ፣ ለመመለስ እንደ አዲስ ማመልከት ይኖርበታል። የአውሮፓ ኅብረትም ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዜጎቻችን የአጭር ጊዜ ቪዛ ምላሽ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞ ነበር። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን ዜጎች በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። እንግዲህ ወጣቱ ያልበላውን ዕዳ ይከፍላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2241 የበለጸጉ አገሮች በተቻላቸው መጠን መጻተኛውን የመቀበል ግዴታ እንዳለባቸው፣ መንግሥታትም ለጋራ ጥቅም ሲሉ ቅድመ ሁኔታ ሊያስቀምጡ እንደሚችሉ ያስተምራል። ስለዚህ ደንቡን መንቀፍ እንችላለን፤ ልጅን ስለሌላው ጥፋት ማንገላታት ፍትሕ አይደለምና።

ይሁን እንጂ ደንብና እውነት የተለያዩ ናቸው። ደንብን ሰዎች ያወጡታል፤ ሰዎችም ይሽሩታል። «ይህ ገንዘብ የእኔ ነው» የሚለው ቃል ግን በማንም ትእዛዝ አይለወጥም፤ ወይ እውነት ነው፣ ወይ ሐሰት ነው። ከዚህም በላይ አንድ ሐሰተኛ ማስረጃ በተገኘ ቁጥር ከኋላ የሚመጣው የጎረቤት ልጅ እውነተኛ ማስረጃ ይጠረጠራል። ያልበላሁትን ዕዳ ከፈልኩ ብሎ የሚያዝን ሰው፣ ያንኑ ዕዳ ለሌላው እንዴት ያሸክማል?

ይህን ለእናቲቱ ነገርኳቸው። ልጁ ቀስ ብሎ «እማዬ፣ ይቅር» አለ። በዚያ ዓመትም ሳይሄድ ቀረ፤ በመስከረም ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእርሱ ግን ገና አልጠራለትም። ስለ እውነት የሚከፈለው ዋጋ ቀላል ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም፤ አልናገርምም።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፤ ዋጋውን ልጁ ብቻውን እንዲከፍል መተው ግን የእኛ በደል ይሆናል። ውጭ አገር መሄድን የብልህነት መለኪያ ያደረግነው እኛ ነን። የሄደውን ስንሸኝ እልል እንደምንል፣ እውነት ተናግሮ የቀረውንም በክብር እንቀበለው።