«እስክረጋጋ ድረስ» እስከ መቼ?

በከተማችን፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ባለው ትውልድ ዘንድ፣ ከአፍ የማይጠፋ አንድ ቃል አለ፤ «እስክረጋጋ ድረስ» የሚል። ጎረቤትህን ለምን አትተዋወቅም ሲባል «ገና አልተረጋጋሁም» ይላል። ለምን እድር አትገባም ሲባል «እስክረጋጋ ድረስ ነው» ይላል። ልጅህን ለምን መድረሳ አታስመዘግብም ሲባል «ሰፈሩን ልለቅ ስለምችል ነው» ይላል። ጣራው ሲያፈስ ባልዲ ይደቅናል፤ በሩ አልዘጋ ሲል ድንጋይ ያስደግፋል። ሁሉም ነገር የሚስተካከለው ገና ሊመጣ ባለው፣ ነገር ግን መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅ ቀን ነው።

በእርግጥ ይህ ሁልጊዜ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም። ሥራው የኮንትራት፣ ቤቱ የኪራይ፣ ሐሳቡም ግማሹ እዚህ ግማሹ ባሕር ማዶ የሆነ ሰው እግሩን መትከል ቢፈራ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከዚህ ቃል በስተጀርባ ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ ነገው ያልታወቀለት ሰው የዛሬ ግዴታው ይቀነስለታልን?

ጥያቄውን ከመጻሕፍት ብቻ ያገኘሁት አይደለምና የራሴን ጉዳይ ላንሳ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የምገኝ፣ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ፣ በጋዜጠኝነት የምተዳደር የአንድ ልጅ አባት ነኝ። ባለፈው ዓመት በቋሚነት የምሠራበት ቦታ ሥራው ስለታጠፈ ከባልደረቦቼ ጋር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት መንገዶች ከፊቴ ቀረቡ። አንደኛው፣ በወለድ የሚሠራ አንድ ባንክ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ ደመወዙም ጥሩ ነው። ሁለተኛው፣ የባለቤቴ ወንድም ወደሚኖርበት የባሕረ ሰላጤ አገር ሄዶ በትርጉም ሥራ መቀጠር ነው። ሦስተኛው እዚሁ ሆኖ በየገጹ እየተከፈሉ መተርጎምና መጻፍ ነው።

በዚህ መካከል የቀድሞው ቤታችን ኪራይ ከአቅማችን በላይ ሆነና ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ወደሚገኝ አሮጌ የጭቃ ቤት ገባን። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የግድግዳው ምርጊት ከታች ተንዶ ማገሩ ይታያል። ከቋሚዎቹ ሁለቱን ምስጥ በልቷቸዋል። የአቡጀዴው ኮርኒስ የበልጉን ውሃ አዝሎ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል፤ ቆርቆሮው በየምስማሩ ቀዳዳ ያፈሳል። የገባነው በግንቦት ነበርና ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው።

ወዳጆቼ በቅንነት መከሩኝ። «የሰው ቤት ጠግነህ ለማን ልትተው ነው? ስድስት ወር ለማትኖርበት ቤት ገንዘብህን ለምን ጭቃ ታደርገዋለህ? ለቲኬትህ ያዘው» አሉኝ። ምክራቸው ከሒሳብ አንጻር ስሕተት የለበትም። «አንተ እስክትወስን ዝናቡ አይጠብቅህም» ያለችኝ ግን ባለቤቴ ናት። ልጃችን የምትተኛው በዚያ ኮርኒስ ሥር ነው። አባቷ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሄደ ወይም እዚህ ቀረ፣ ሰኔ ላይ የሚያፈሰው ውሃ አንድ ነው።

«የእኔ አይደለም» እና «ጊዜያዊ ነው» የሚሉት ቃላት ተባብረው በከተማችን ምን እንደሠሩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የኪራዩም መጠን ተቀነሰ። ይህ ለብዙ ድሃ እፎይታ እንደነበር አይካድም። በሌላ በኩል ግን ከኪራዩ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገና የማይበቃ ሆነ። ቀበሌው «አቅም የለኝም» ሲል፣ ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ሲል፣ በሁለቱ መካከል ቤቱ ዘመመ። ስንቱ ሰው ነው «ለጊዜው» ብሎ በገባበት ቤት ልጅ ወልዶ፣ ልጅ ድሮ፣ ወላጆቹንም ቀብሮ እዚያው ያረጀው? አርባ ዓመት የቆየ ጊዜያዊነት ምን ይባላል?

ወደ ሃይማኖታችን ስንመለስ ደግሞ የሚቀርብ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ዱንያ ራሷ ጊዜያዊ አይደለችምን? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) በዚህች ዓለም እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገደኛ እንዲሆን መክረውታል። ከዚህም አልፎ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት አንድ ሐዲስ በቀጥታ የእኛን ነገር የሚነካ ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) የደከመች ጎጆውን ሲጠግን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ሲያልፉ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት። ሲነግራቸውም ጉዳዩ፣ ማለትም ሞት፣ ከዚህ ሁሉ የፈጠነ እንደሚመስላቸው አሳሰቡት። እንግዲህ ጥገናው ከንቱ ነው ማለት ነውን?

ሐዲሱን በጥሞና ላነበበው እንደዚያ አይደለም። ጎጆዋን ተዋት አላሉትም፤ ጭቃውን ጣለው አላሉትም። እጁ ሥራ ላይ ሳለ ልቡ ሥራው ውስጥ እንዳይቀበር አስታወሱት እንጂ። እሳቸው ራሳቸው በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይጥፉ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። የሚጠገን ጫማ ከሚጠገን ቤት ይልቅ ጊዜያዊ ነው። መንገደኛ መሆን ማለት ያደሩበትን ቦታ ማበላሸት ማለት አይደለም። እንዲያውም ጨዋ መንገደኛ የሚታወቀው ያደረበትን ጥሎ ሲሄድ ነው።

የሚያፈስ ጣራስ ነውር ነውን? በመዲና የነበረው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ጣራው የተምር ዝንጣፊ ነበር። በአንድ የረመዷን ሌሊት ዝናብ ዘንቦ አፍስሶ በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ እንዳደረጉ፣ የጭቃውም ምልክት በግንባራቸው ላይ እንደታየ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) አውርተዋል። ስለዚህ በደከመ ቤት መኖር ሰውን አያዋርደውም። ኋላ ዑመር (ረ.ዐ.) መስጂዱን እንዲታደስ ሲያዙ ለሠራተኛው የሰጡት መመሪያ ደግሞ ሚዛናችን ሊሆን ይገባል፤ ሕዝቡን ከዝናብ እንዲከልል፣ ነገር ግን ሰውን የሚያዘናጋ ቀይና ቢጫ ቀለም እንዳይቀባበት ነበር ያዘዙት። አንዱ ጥገና ጉዳትን ያስወግዳል፤ ሌላው ዓይንን ያስደስታል። ነገው ያልታወቀለት ሰው ሁለተኛውን ቢያቆይ አስተዋይ ነው። የመጀመሪያውን ግን ለነገ የማሳደር መብት ያለው አይመስለኝም፤ ጉዳቱ የሚያርፈው ዛሬ ነውና።

እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄም አለ። ተከራይ በራሱ ወጪ ይጠግን፣ ባለቤቱ ደግሞ ያማረውን ቤት ኪራይ ይጨምርበት ማለቴ አይደለም። አከራያችን ባልቴት እናት ናቸው፤ «ልጄ፣ ቆርቆሮ መግዣ የለኝም፤ ከቻልክ አንተ ሥራውና ከኪራዩ ይቀነስልህ» አሉኝ። በሁለት ምስክር ፊት ጻፍነው፤ ዕዳን መጻፍና ማስመስከር ቁርኣን ያስተማረን ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። «ነገ ቢያስወጣኝስ» የሚለው ስጋት ሁሉን ሰው የሚተው ባይሆንም፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ጥገናውን የመራን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው። አጠናውን ከአጠና ተራ ገዝተን ለምስጥ እንዳይመች እግሩን የተቃጠለ ዘይት ቀባነው፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በሬንጅ ደፈንነው። ለምርጊቱ ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረግጠን በማግስቱ ልንመርግ ስንል አዛውንቱ ከለከሉን። ጭቃው ለቀናት ውሃ እየጠጣ፣ እየተረገጠ ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል አሉን። ከዚህ አንድ ቁም ነገር ተማርኩ። ያቦኩት ጭቃ እስኪደርስ መጠበቅ ሥራ ነው። ምንም ሳያቦኩ መጠበቅ ግን መጠበቅ አይባልም። ሰብር ከመዘግየት የሚለየው በዚህ ነው።

ብዙዎቻችን ኢስቲኻራንም የምናደርገው ጭቃ ሳናቦካ ነው። ሁለት ረከዓ ሰግዶ ሕልም የሚጠብቅ ወንድም ስንት ነው? ጃቢር (ረ.ዐ.) ባወሩትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ግን ዱዓኡ የተሰጠው አንድን ነገር ላሰበ ሰው ነው። መጀመሪያ ሐሳብ አለ፤ ቀጥሎ ሶላትና ዱዓእ አለ፤ ከዚያ እርምጃ አለ። በሐዲሱ ውስጥ ሕልም አልተጠቀሰም።

ሌላም መለየት ያለብን ነገር አለ። «አላውቅም» የምንለው ሁሉ እውነት የማናውቀው አይደለም። አንዳንዱን እናውቀዋለን፤ መልሱን ስላልወደድነው ብቻ ካልታወቁት ጋር እንቆጥረዋለን። ከሦስቱ መንገዶቼ የባንኩ እንዲህ ያለ ነበር። በሙስሊም ዘገባ ወለድ ከሚበላውና ከሚያበላው ጋር ጸሐፊውም ተወግዟል። እዚያ የተጠቀሰው ውሉን የሚጽፈው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን ሰውን ወደ ወለድ የሚጋብዝ ጽሑፍ ለመጻፍ ልቤ አልፈቀደም፤ አልሄድም ብዬ መልስ ሰጠሁ። የቀሩት ሁለቱ በእርግጥ የማላውቃቸው ናቸው። ሁለቱም ሐላል ናቸው፤ ሁለቱም ዋጋ ያስከፍላሉ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ኢማም አል-ገዛሊን ማስታወስ ይጠቅማል። በ484 ዓመተ ሂጅራ (1091 እ.ኤ.አ.) በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው በዘመኑ ከነበሩት የዕውቀት ወንበሮች ታላቁን ያዙ። በ488 ዓመተ ሂጅራ (1095 እ.ኤ.አ.) ልባቸው ከሥራው ሸፈተ። ልሂድ ወይስ ልቅር እያሉ ስድስት ወር ያህል እንደዋለሉ «አል-ሙንቂዝ ሚነድ-ደላል» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ምላሳቸው እስኪተሳሰር ድረስ ግን ለተማሪዎቻቸው ሲሉ ለማስተማር ይታገሉ ነበር። ሲሄዱም ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው ነው የቀረውን ያከፋፈሉት። የስድስት ወሩ ውዝዋዜ የተማሪውንም ሆነ የልጆቻቸውን ሐቅ አላስረሳቸውም። ከዚያም በደማስቆ መስጂድ ሚናራ ውስጥ ብቻቸውን ተቀመጡ። ይበልጥ የሚያስገርመው በ499 ዓመተ ሂጅራ (1106 እ.ኤ.አ.) ወደ ማስተማር መመለሳቸው ነው፤ በዚህ ጊዜ በነይሳቡር። ያ ታላቅ ሰው ያን ያህል አምጠው የወሰኑት ውሳኔ የመጨረሻው ካልነበረ፣ እኛ «አንዴ ከተረጋጋሁ» እያልን የምንጠብቀው ቀን በእርግጥ የሚመጣ ነውን?

እኔ እንደሚመስለኝ መረጋጋት የሚባለው ነገር አንድ ቀን ደርሰን የምናገኘው ቦታ አይደለም። ሰው የሚረጋጋው ሁሉ ነገር ሲታወቅለት አይደለም፤ የታወቀውን ሲሠራ ነው። ሪዝቃችን ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው አላህ (ሱ.ወ.) ነው። የጎረቤታችን ሐቅ፣ የልጃችን መኝታ፣ የገባነው ውል፣ የእጃችን ሥራ ግን ለእኛ የታወቀና የተሰጠ ነው። ተወኩል ማለት የማናውቀውን ለእሱ ትተን የምናውቀውን መሥራት እንጂ፣ የማናውቀውን ምክንያት አድርገን የምናውቀውን መተው አይደለም።

ስለዚህ ወገኔ ሆይ፣ ቪዛ እየጠበቅህም ቢሆን ጎረቤትህን ሰላም በለው። ለስድስት ወርም ቢሆን እድሩ ግባ። ልጅህ በዚህ መድረሳ የምትማራት አንዲት ሱራ በምትሄድበት አገር ሁሉ ትከተላታለች። የሚያፈሰውንም ድፈነው። አንተ ብትለቅ ከአንተ በኋላ የሚገባ ሌላ ድሃ አለ፤ ደረቅ ሆኖ ባደረ ቁጥር ምንዳው ለአንተ እንዳይቀር አላህን ለምን።

ወላሁ አዕለም።