የሹፌሩ ፍላሽ

ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለስ አንድ ሹፌር ነበር አሉ። ፍላሹ ላይ 200 ዘፈን አለው፤ 50ው የጥላሁን ገሠሠ፣ 2ቱ የማሪቱ ለገሠ፣ የቀረው ከየዘፋኙ ጥቂት ጥቂት የተለቀመ ነው። አንድ ቀን ረዳቱ ያው ዘፈን በያው ተራ መምጣቱ ቢሰለቸው ቴፑን ራንደም ላይ አደረገው።

ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ጥላሁን 3 ጊዜ ተከታትሎ መጣ። ጣርማ በርን አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ ደግሞ 50 ያህል ዘፈን ተሰምቶ ማሪቱ የለችም። ወደ ኮምቦልቻ የሚሄዱ አንዲት እናት አላስቻላቸውም።

«ልጄ፣ ወሎ ልንገባ ነው፤ የወሎዋን ልጅ የት ደበቅካት?»

«እኔ እጄን አላስገባሁም እናቴ፤ የሚመርጠው ማሽኑ ነው።»

«እንግዲያ ማሽኑም ዘመድ አለው!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። ሹፌሩ ግን ነገሩ ከነከነው።

ደሴ እንደገቡ ፍላሹን ዘፈን ለሚጭን ልጅ ሰጠው። ልጁ ራንደሙን አጠፋና ዘፈኖቹን በእጁ ደረደራቸው፤ ከጥላሁን ቀጥሎ ሦስት ሌሎች፣ ከዚያ መልሶ ጥላሁን፤ ማሪቱን ከመጀመሪያዎቹ መሀል ሰካት። በመልሱ ጉዞ ተሳፋሪው ሁሉ «አሁን ገና ተበወዘ!» አለ። አንድ ተማሪ ብቻ በጣቱ ሲቆጥር ቆይቶ ከረዳቱ ጋር በሻይ ተወራረደ፤ ጥላሁን መቼ እንደሚመጣ እየተናገረ ሻዩን በረዳቱ ሒሳብ ጠጣ።

የተበወዘው የትኛው ነበር? ተማሪው እንኳ ቢሞክር ሊተነብየው የማይችለው የመጀመሪያው ነዋ። ከ4 ዘፈን 1ዱ የጥላሁን በሆነበት ፍላሽ ላይ፣ ወደ 100 ዘፈን በሚሰማበት መንገድ 3 የጥላሁን ዘፈን አንድ ቦታ የመከታተሉ ዕድል ካለመከታተሉ ይበልጣል። ከ200ው 50ው ተሰምቶ ከማሪቱ ሁለት ዘፈኖች አንዱም አለመምጣቱም እንዲሁ፤ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ማሽኑ ዘመድ አልነበረውም። ዘመድ የነበረው ፍላሹን የሞላው ሹፌር ነው።

የደሴው ልጅ ያደረገውን ትልልቆቹም አድርገውታል። አፕል በ2005 እ.ኤ.አ. የአይፖድ ባለቤቶች «ያንኑ ዘፋኝ ይደጋግምብናል» ብለው ሲያማርሩ፣ የአንድ ዘፋኝ ሥራዎች እንዲራራቁ የሚያደርግ ምርጫ አይቱንስ ላይ ጨመረ። የኩባንያው መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስም ያልተዛባ ዕጣ እንዲመስል ዕጣነቱን እንደቀነሱት በግልጽ ተናግሯል። ስፖቲፋይም በ2014 እ.ኤ.አ. ተመሳሳይ ማስተካከያ አደረገ። ለዘፈን ይህ ምንም አይደለም፤ ጆሮ ደስ ካለው ማን ይጎዳል? (እኔ ራሴ ጥላሁን ቢከታተል አላማርርም።)

ችግሩ የመኪናውን ፍርድ ይዘን ሌላ ዕጣ ፊት ስንቆም ነው። ዕቁብ ላይ ባልና ሚስት በተከታታይ ሳምንት ሲደርሳቸው የሚነሳውን ጉምጉምታ የጣለ ሁሉ ያውቀዋል። ጉምጉምታው ሁልጊዜ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚፈተሸው ቦታ ነው የሚሳተው። የወጣውን ስም ብቻ አይቶ «ተጭበረበረ» ማለትም፣ ዕጣው ተሰበጣጥሮ ስለወጣ «ንጹሕ ነው» ማለትም ያው የተሳፋሪዎቹ ስሕተት ነው። መታየት ያለበት ወደ ዕጣው የገባው ስም ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. በኮምፒውተር የወጣው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የተሰረዘው፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ስም በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ በመታወቁ ነበር።