ግራፉን ሳታይ አትፍረድ

ልጄ፣ ኢንተርኔቱ በተንቀራፈፈ ቁጥር ወደ አቅራቢው ድርጅት ለመደወል አትቸኩል። መስመሩን የጨረስነው እኛው ሆነን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዳይሆን። ፍርድ በምስክር ነው፤ የኔትወርክ ምስክር ደግሞ ግራፍ ነው። የመስመሩን ትራፊክ በግራፍ የሚያሳየውን ኤምአርቲጂ የተባለ ፕሮግራም ቶቢ ኦቲከር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 መሥሪያ ቤቱ ወደ ውጭ የነበረው አንድ የ64 ኪሎቢት መስመር ብቻ ስለነበርና ሁሉም ሰው «መስመሩ እንዴት ዋለ?» ይል ስለነበር ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን አስታርቅ። ሠራተኛዋ «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቆመብኝ» ካለችህ፣ በግራፉ ላይ የምታየው 10:00ን ነው። መሣሪያው በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ 7:00ን ነው።

ቀጥሎ የትራፊኩንና የፒንጉን ግራፍ ጎን ለጎን አድርግ። ትራፊኩ በገዛነው ባንድዊድዝ ልክ ላይ ደርሶ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ፒንጉም አብሮ ከናረ፣ መስመሩ ሞልቷል፤ በላተኛው እቤት ነው። የሚገባውን ብቻ አይተህ አትመለስ። አንድ ኮምፒውተር ባክአፕ እየላከ አፕሎዱን ከሞላው የሌላውም ዳውንሎድ ይጎተታል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ እዚያው ወረፋ ላይ ይቆማልና። ትራፊኩ ዝቅ ብሎ ሳለ ፒንጉ ከናረ ወይም ፓኬት ከጠፋ ግን፣ ባንድዊድዝ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው።

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከቅርብ ጀምር፤ መጀመሪያ የራሳችንን ራውተር፣ ከዚያ የአቅራቢውን፣ ከዚያ የውጭውን ፒንግ አድርግ። መዘግየቱ ከራሳችን ራውተር ከጀመረ ዋይፋዩንና ኬብሉን ፈትሽ። መሃል ያለ አንድ ራውተር ብቻ ዘግይቶ ከእሱ ወዲያ ያሉት ደህና ከሆኑ አትክሰሰው፤ ራውተር ለፒንግ ከመመለስ የሰው ፓኬት ማሳለፍን ያስቀድማል።

ግራፉንም ቢሆን ጠርጥረው፤ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»። የ5 ደቂቃ አማካይ የ20 ሰከንድ መጨናነቅን ይውጣል። የኤምአርቲጂ የሳምንት ግራፍ ደግሞ የ30 ደቂቃ አማካይ ስለሆነ ከዚያም ይብሳል። ለትናንቱ ችግር የዕለቱን እይ።

ከሁሉ በላይ መመዝገቡን ማንም ሳያማርር ዛሬውኑ ጀምር። የደህናው ቀን ፒንግ ስንት እንደሆነ ካላወቅህ የዛሬው ብዙ ይሁን ትንሽ በምን ትለያለህ? መደወል ሲኖርብህም ሰዓቱንና ሁለቱን ግራፍ ይዘህ ደውል። «ኔትወርክ የለም» ብቻ ለሚል ሰው መልሱ «ራውተሩን አጥፍተህ አብራው» ነው።