ኮምፒዩተሩን ከመክሰስህ በፊት

ልጄ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሙያ ይዘህ እዚሁ ወረታ ለመሥራት መቁረጥህ ደስ አሰኝቶኛል። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚያልፈውም፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈውም መገንጠያችንን ሳይረግጥ አይሄድምና ሥራ አታጣም። ግን ሥራውን እንደ ዋዛ አትየው። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ወደ ናበጋና ዋገጠራ የወረደ አምቡላንስ ፎር ዊሉ እምቢ ካለው ምጥ የያዛት እናት ዋልካው ላይ ትቀራለች።

አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። በድሮው ላንድክሩዘር ሾፌሩ የፎር ዊሉን ማርሽ በዱላ፣ በገዛ እጁ ነበር የሚያስገባው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሃይሉክስ ግን በዱላው ፋንታ የሚዞር ማብሪያ መጣ። ማብሪያው ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፤ ኮምፒዩተሩ ትራንስፈሩ ላይ ያለውን ትንሽ ሞተር ያዛል፤ ሞተሩ ማርሹን ይገፋል፤ ማርሹ ሲገባ አንዲት ስዊች «ደርሷል» ብላ ወሬ ትመልሳለች። የፊት ዲፈረንሻልም የራሱ ሞተር አለው። የፎር ዊሉ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የሚቀረው ያ ወሬ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ኮምፒዩተሩ ሞቷል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚመታው እዚህ ላይ ነው። ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሽቦ ከመከተል «ኮምፒዩተር ቀይር» ማለት ይቀለዋል። አንድ ባለ ፒክአፕ እንዲህ ተብሎ ገንዘብ ሲያፈላልግ ወደኔ መጣ። የፊት ዲፈረንሻሉ ሞተር ሶኬት ውስጥ ውኃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ሆኖ ነበር፤ ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ቅባት ተቀብቶ ሲገጠም ፎር ዊሉ ገባ። ያ ሰው ለኮምፒዩተር ሊከፍል ያሰበው የልጆቹን የሩዝ ገንዘብ ነበር።

እንግዲህ መጀመሪያ ባትሪውን ለካ። ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከዚያ በጣም ከወረደ ሌላውን አትንካ። ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ክፈትና ረዳትህ ማብሪያውን ሲያዞር ከሥር ሆነህ አድምጥ። ትንሹ ሞተር ድምፅ ካሰማ ትእዛዙ ደርሷል፤ ችግሩ ከስዊቿ ወይም ከማርሹ ነው። ዝም ካለ ፊውዙን፣ ሶኬቱን፣ ሽቦውን፣ የኮምፒዩተሩን የማሳ (ኔጋቲቭ) ሽቦ ተከተል። በቴስተር ብቻ አትመን። የተበላ ሽቦ ሥራ በሌለበት 12 ቮልት ያሳይሃል፤ ከፊውዙ በሚመጣው መስመር ላይ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ስታስርበት ግን ይደክማል። ሽቦውንም በመርፌ እየወጋህ አትለካ፤ በቀዳዳው ውኃ ይገባል። ሩዝ በተከመረበት ግቢ የሚያድር መኪና ከሆነ ደግሞ አይጥ የበላውን ፈልግ። ሽቦውን ስትቀጥልም በፕላስተር ብቻ ጠቅልለህ አትልቀቀው፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ነው።

ስካነር ካለህ ጥሩ ነው። ኮዱን ሳትጽፍ ግን አታጥፋ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ኮዱ የትኛውን መንገድ እንደምትፈትሽ ይነግርሃል እንጂ የትኛውን ዕቃ እንደምትገዛ አይነግርህም። የጎማ ፍጥነት ሴንሰር ቢል ጭቃውን ጥረግ፤ አራቱ ጎማዎችም እኩል መሆናቸውን እይ።

ኤሌክትሪክ ያልሆነም አለ። ሾፌሩ ከጭቃው ወጥቶ ፎር ዊሉን ሳያወጣ በአስፋልቱ ወደ ባሕር ዳር ይከንፋል። እነዚህ መኪኖች የፊቱንና የኋላውን የሚያለያይ የመሀል ዲፈረንሻል ስለሌላቸው ማርሹ ተወጥሮ አልወጣም ይላል፤ መብራቱም ያንኑ ብልጭታ ያሳያል። ቀጥ አድርጎ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቢነዳው አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ ዕቃ ከመፍታትህ በፊት ሾፌሩን የት እንደነበረ ጠይቀው።

ልጄ፣ የኛ አገር ጠላት ውኃ ነው፤ እያሳሳቀ ይወስዳል። የጋለ ዲፈረንሻል ድንገት ጎርፍ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ መተንፈሻ ቱቦው ከተነቀለ ወይም ከተሰነጠቀ ውኃውን ይስበዋል። ዘይቱ ነጥቶ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል፤ ዲፈረንሻሉ ላይ ያለው ትንሹ ሞተርም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ግንቦት ላይ ደጅህ የሚቆመውን ባለ ፎር ዊል መኪና ሁሉ፣ ለሌላ ነገር ቢመጣም፣ መተንፈሻ ቱቦውንና ከሥር ያሉትን ሶኬቶች ሳትጠየቅ እይለት። አምቡላንስ ከሆነ ለማየቱ ዋጋ አትጠይቅ፤ አደራህን።