የማይታየውን መቅረጽ

እምነት በካሜራ ይታያል? ካሜራ የሚይዘው ብርሃን ያረፈበትን ብቻ ነው፤ ነፍስ ደግሞ ብርሃን አያርፍባትም።

ዴንማርካዊው ካርል ቴዎዶር ድራየር እ.ኤ.አ. በ1928 ለእይታ ባበቃው «የዣን ዳርክ ሕማማት» ድምፅ አልባ ፊልም ይህን ጥያቄ በሰው ፊት ላይ ፈተነው። የካሜራ ባለሙያው ሩዶልፍ ማቴ ነበር። ቀደም ሲል የተለመደው ጥሬ ፊልም ለቀይ ቀለም ስለማይነቃ የሰው ገጽ ይጠቁርበት ነበር፤ ተዋንያንም ፊታቸውን በወፍራም ቅባት ይሸፍኑ ነበር። ማቴ የተጠቀመበት ፓንክሮማቲክ ፊልም ግን ለቀይም ይነቃል። ድራየር ሜካፕን ከለከለ። ራእይ አየሁ ብላ ለፍርድ የቀረበችውን ዣንን ሆና የተወነችው የሬኔ ፋልኮኔቲ የደረቀ ከንፈር፣ ጉንጯ ላይ የሚወርደው እንባ፣ የሚፈርዱባት ዳኞች የቆዳ መጨማደድ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዳኞቹን ከታች ወደ ላይ ለመቅረጽም መሬት ተቆፍሮ ካሜራው ጉድጓድ ገባ።

ለቀረጻው የተሠራው፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ግንብ በፊልሙ እምብዛም አይታይም። ትክክለኛ ምርጫ ነበር።

ተመልካች የዣንን ራእይ አንዴም አያይም፤ መልአክ አይወርድም። የሚያየው ራእይ ያየችን ሴት ዐይን ነው። የፊልሙ ታላቅ ሐቀኝነት እዚህ ላይ ነው፦ ፈጣሪን አሳያችኋለሁ አይልም፤ ካመነች ሴት ፊት ግን ዞር አይልም።

የመጀመሪያው ኔጋቲቭ ፊልሙ ለእይታ በበቃበት ዓመት በእሳት ጠፋ። ከመጀመሪያው ቅንብር የተባዛ ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1981 የተገኘው በኖርዌይ፣ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነው።